ከእጅ ቻርት እስከ ኮምፒውተር ምስል፦ የጤና ግራፍ አጭር ታሪክ

በጋሞ ዞን ቆላማ ቀበሌዎች ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ግራፍ የጽሑፍ ጌጥ አይደለም። በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የወባ መከታተያ ቻርት በየሳምንቱ በእጅ ይሞላል፤ ያለፉትን 5 ዓመታት መረጃ መሠረት አድርጎ የተሰመረው የወረርሽኝ ወሰን ሲታለፍም እርምጃ እንዲወሰድ ያስጠነቅቃል።

የዚህ ዓይነቱ ሥዕል ታሪክ ረጅም ነው (ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዊልያም ፕሌይፌር በ1786 የንግድ አኃዞችን በመስመር ግራፍ አቀረበ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1858 ባሳተመችው ሥዕል በክራይሚያ ጦርነት ከቁስል ይልቅ በሽታ ብዙ ወታደሮችን እንደገደለ አስረዳች። በ1976 በቤል ላቦራቶሪ ኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ተጀመረ። የእርሱን ፈለግ በመከተልም ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ አር የተባለውን ቋንቋ ሠሩ፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ በየካቲት 2000 ወጣ። ያለ ክፍያ የሚገኝ በመሆኑ አቅማቸው ውስን ለሆነ ተቋማት ታላቅ በረከት ሆነ።

የምስል ፋይሎችም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ1992 የወጣው ጄፔግ ለፎቶግራፍ የታሰበ ስለሆነ መጠኑን ሲቀንስ የመስመርና የፊደል ጠርዝ ያደበዝዛል። በ1996 የጸደቀው ፒ.ኤን.ጂ. ግን ምንም ሳያጎድል ያስቀምጣል። ፒ.ዲ.ኤፍ. ደግሞ መስመሩን በነጥብ ሳይሆን በቅርጹ ስለሚመዘግብ ምስሉ ቢጎላም አይደበዝዝም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ ወቅት የወባ ግራፍ ከኮምፒውተሩ መስኮት ቀድቶ በሪፖርት አስገብቶ ነበር። ሲታተም የሕሙማኑ መስመርና የወረርሽኙ ወሰን ተደባለቁ፤ ወሰኑ የታለፈበትን ሳምንት መለየትም አልተቻለም። መፍትሔው ቀላል ነበር። በአር ቋንቋ አስቀድሞ የምስሉን ፋይል መክፈት፣ ስፋቱንና ጥራቱን መወሰን፣ ግራፉን መሣል፣ በመጨረሻም ፋይሉን መዝጋት ይገባል፤ ካልተዘጋ ምስሉ ሳይሟላ ይቀራል። ቋንቋው በራሱ የሚሰጠው የፒ.ኤን.ጂ. መጠን 480 በ480 ነጥብ ብቻ ነው፤ ይህም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይሸፍናል። ለ7 ኢንች ስፋት 2100 ነጥብ ያስፈልጋል።

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን በምትገኘው ጫኖ ሚሌ ከ2009 እስከ 2011 የተካሄደው የወባ ጥናት ነዋሪውን በየሳምንቱ ቤት ለቤት ተከታትሏል። እንዲህ በድካም የተሰበሰበ መረጃ በደበዘዘ ምስል ምክንያት ሳይነበብ እንዳይቀር መጠንቀቅ የሙያችን ግዴታ ነው።