ክብደት ያጣው ሥዕል

ተንቀሳቃሽ ሥዕል በባሕርዩ የብዙ ልፋት ውጤት ነው። አሜሪካዊው ዊንሰር ማኬይ እ.ኤ.አ. በ1914 ለሕዝብ ያቀረባትን ዳይኖሰር፣ ገርቲን፣ ለማንቀሳቀስ በሺሕ የሚቆጠሩ ሥዕሎችን በእጁ ስሏል። ገርቲ እግሯን ባነሣች ቁጥር የገላዋ ክብደት ለተመልካች ይታወቃል። ኋላ በተቋቋሙት ስቱዲዮዎች ዋናው ሠዓሊ የእንቅስቃሴውን መነሻና መድረሻ ሲስል፣ ረዳቶቹ የመካከሉን ይሞሉ ነበር። ሥራው ዝቅተኛ ይምሰል እንጂ የሙያው ትምህርት ቤት እርሱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውና በኋላ ማክሮሚዲያ ገዝቶ ፍላሽ ያለው ፕሮግራም ግን ይህን የመካከል ሥራ ለኮምፒዩተር ሰጠ። ከዚህም የተነሣ ልምድ የሌለው ወጣት ብቻውን ፊልም ሠርቶ በኢንተርኔት ለማሳየት ቻለ። በሩ ሲከፈት ጉድለቱም አብሮ ገባ። ተራማጁ እግሩ መሬቱን ሳይጨብጥ ይንሸራተታል፤ እጁ ከትከሻው ላይ እንደ መቀስ ይዞራል። ምክንያቱም ኮምፒዩተሩ፣ ሠሪው ካላዘዘው በቀር፣ ርቀቱን እኩል ያካፍላል እንጂ ሰውነት ሲነሣ እንደሚዘገይ፣ ሲወድቅም እንደሚፈጥን አያውቅም። የዲዝኒ ሠዓልያን ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን ይህንኑ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ዘርዝረውት ነበር። መሣሪያው ለሁሉ ሲዳረስ ዕውቀቱ አብሮት አልሄደም።

አዶቤ የፍላሽን ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ መደገፉን አቆመ። ከዚያ ወዲህ እነዚያ ፊልሞች ወደ ቪዲዮ ካልተገለበጡ ወይም በልዩ ፕሮግራም ካልተከፈቱ አይታዩም። ሆኖም እንከናቸው ስለበዛ ሊጣሉ አይገባም፤ የተሳካ ሥራ የሚሸሽገውን የሙያ ሕግ፣ የተበላሸው አጉልቶ ያሳያልና።