ውሻው ሳይወጣ ሰውየው አይወጣም

«የሰው ነፍስ እየጠፋ ስለ ውሻ ይወራል እንዴ?» ይህ ጥያቄ እኛ ዘንድ ብቻ የሚነሳ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ የአደጋ ጊዜ ኃላፊዎችም ለረጅም ዘመን የሚመሩት በዚሁ ሐሳብ ነበር። እሳት ወይም ጎርፍ ሲመጣ ሰው ይወጣል፤ እንስሳው እንደ ዕድሉ ይሆናል። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ይህን ሐሳብ ለመለወጥ ብዙ ዓመትና ብዙ ነፍስ ፈጅቷል። የዛሬው ወጋችን የዚያ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካውያን ሰደድ እሳትንና እንስሳን አንድ ላይ ሲያስቡ ቀድሞ የሚመጣላቸው አንድ ድብ ነው። በ1950 በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በካፒታን ተራሮች ከተነሳ እሳት መዳፎቹ የተቃጠሉ አንድ ግልገል ድብ ተረፈ። ከ1944 ጀምሮ የደን እሳት መከላከያ ፖስተር ላይ ይሳል በነበረው ድብ ስም «ስሞኪ» ተባለና ዋሽንግተን ወዳለው ብሔራዊ የእንስሳት ማቆያ ተወሰደ። እዚያው እስከ 1976 ኖረ፤ ዝናውም አገር አዳረሰ። ልብ በሉ፤ የዳነው አንድ ድብ ነው እንጂ እንስሳትን የማዳን ሥርዓት አልተዘረጋም። ስሞኪ ሰው በግድየለሽነት እሳት እንዳይለቅ የሚያስተምር ምልክት ነበር። በየቤቱ ስላሉት ውሾችና ድመቶች የሚናገር የፌዴራል ሕግ እስኪመጣ ገና ግማሽ ምዕተ ዓመት ይቀር ነበር።

ሕጉን ያመጣውም እሳት ሳይሆን ውሃ ነው። ነሐሴ 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊየንስን ሲያጥለቀልቅ፣ ብዙዎቹ የሕዝብ መጠለያዎች፣ አውቶቡሶችና የነፍስ አድን ጀልባዎች የቤት እንስሳ አይቀበሉም ነበር። ከሱፐርዶም ስታዲየም በአውቶቡስ ሊወጣ የነበረ አንድ ትንሽ ልጅ «ስኖውቦል» የሚላትን ነጭ ውሻ ፖሊስ ነጠቀው፤ ልጁ እስኪያስመልሰው አለቀሰ። አሶሽየትድ ፕሬስ ይህን ሲዘግብ አገሩ ደነገጠ።

ከልጁ ዕንባ ይልቅ ፖለቲከኞቹን ያሳሰባቸው ግን ሌላ ነገር ነው። በ2006 ፍሪትዝ ኢንስቲትዩት ባወጣው ጥናት፣ አካባቢያቸውን ለቀው ካልወጡት ሰዎች መካከል 44 በመቶ ያህሉ እንስሶቻቸውን ጥለው መሄድን አለመፈለጋቸውን ከምክንያቶቻቸው አንዱ አድርገው ጠቅሰዋል። እንግዲህ «ሰው ይቅደም» ብሎ ውሻውን በር ላይ የሚያስቀረው ደንብ ሰውየውንም እያስቀረው ነበር ማለት ነው።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። ጎጆው በእሳት ተያይዞ በሬውን ሳይፈታ የሚሸሽ ገበሬ አለ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? «በሬውማ ሀብቱ ነው» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ልጆቿ ርቀው ለሚኖሩ ብቸኛ ባልቴት ደግሞ ውሻዋ ቤተሰቧ ነው። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ እግርን የሚይዘው ነገር አንድ ነው።

የካሊፎርኒያው የምክር ቤት አባል ቶም ላንቶስ ከኮኔቲከቱ ክሪስቶፈር ሼይስ ጋር ያቀረቡት ረቂቅ በግንቦት 2006 በተወካዮች ምክር ቤት በ349 ለ24 ድምፅ አለፈ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ጥቅምት 6 ቀን 2006 ፈረሙበት። የሕጉ ሐሳብ አጭር ነው፦ ከፌዴራል መንግሥት የአደጋ ጊዜ ገንዘብ የሚፈልግ ግዛትም ሆነ ከተማ፣ ሕዝቡን የሚያወጣበት ዕቅድ የቤት እንስሳትንና አካል ጉዳተኞችን የሚረዱ እንስሳትን የግድ ማካተት አለበት።

ሕጉ ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ ተራው የእሳት ሆነ። በጥቅምት 2007 በደቡብ ካሊፎርኒያ የተነሳው ሰደድ እሳት በሳንዲያጎ አካባቢ ከ500,000 በላይ ሕዝብ ከቤቱ አስወጣ። ፈረስ ያላቸው ሰዎች በተሳቢ እየጫኑ ወደ ዴል ማር የኤግዚቢሽን ሜዳ ጎረፉ፤ ከ2,000 በላይ ፈረሶችም እዚያ ተጠለሉ።

ነገር ግን ሕጉ ሁሉንም አይሸፍንም። የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ ኤጀንሲ «የቤት እንስሳ» ብሎ የሚቆጥራቸው እንደ ውሻ፣ ድመት፣ ወፍና ጥንቸል ያሉትን ነው። ፈረስና የእርሻ ከብት ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። የዚህን ክፍተት ክብደት ያሳየው ታኅሣሥ 2017 በዚያው በሳንዲያጎ አካባቢ የተነሳው የሊላክ እሳት ነው። ሳን ሉዊስ ሬይ ዳውንስ ከሚባለው የእሽቅድድም ፈረሶች ማሰልጠኛ እሳቱ ሲደርስ በተሳቢ ለመጫን ጊዜ አልነበረም። ሠራተኞቹ የጋጣውን በር እየከፈቱ ፈረሶቹን ለቀቋቸው። ብዙዎቹ ተረፉ፤ 46ቱ ግን አለቁ። ፈረሶቹን ለማዳን ወደ እሳቱ የገቡ ሰዎችም ክፉኛ ተቃጥለዋል።

ከአውሎ ነፋስ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። አውሎ ነፋስ መምጣቱ ከቀናት በፊት ይነገራል፤ ሰደድ እሳት ደግሞ አንዳንዴ ሰዓት እንኳ አይሰጥም። ኅዳር 8 ቀን 2018 ካምፕ የተባለው እሳት የካሊፎርኒያዋን ፓራዳይዝ ከተማ ሲበላ ዕለቱ ሐሙስ፣ ጊዜውም ጠዋት ነበር። ከቤቱ ርቆ የነበረ ሰው መንገዱ ተዘግቶበት እንስሳውን ሊያወጣ መመለስ አልቻለም። 85 ሰው ሞተ፤ ከ18,000 በላይ ሕንፃ ወደመ። ባለቤቶች እንዳይገቡ በተከለከለው አመድ ውስጥ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች እየገቡ ምግብና ውሃ አስቀመጡ፣ የጠፉትን አጠመዱ። ማዲሰን የተባለ አንድ ጠባቂ ውሻ ለአንድ ወር ያህል የተቃጠለው ቤት አጠገብ ጌታውን ሲጠብቅ ተገኘ፤ በሕይወት የቆየው በእነዚሁ ሰዎች እጅ ነው። ከወራት በኋላ ከባለቤቶቻቸው የተገናኙ ድመቶችም አሉ።

በጥር 2025 ሎስ አንጀለስ ስትቃጠል ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ጥያቄ ፊት ለፊት መጣ፦ ከእሳቱ በፊትም ቤት ያልነበራቸው፣ መጠለያ ውስጥ አሳዳጊ የሚጠብቁት እንስሳትስ? ፓሳዲና ሂውሜን የተባለው መጠለያ ከኢተን እሳት የሸሹና የተቃጠሉ እንስሳትን በመቶዎች ሲቀበል፣ ቀድሞ የነበሩትን ወደ ሳንዲያጎና ወደ ሌሎች ከተሞች ላከ። አሠራሩ የታሰበበት ነው። አሳዳጊ የሚፈልገው ውሻ ሌላ ከተማም አሳዳጊ ያገኛል። ባለቤት ያለው ውሻ ግን ባለቤቱ ሊፈልገው ከሚመጣበት ቦታ መራቅ የለበትም። ስለዚህ የሚሄደው ነባሩ ነው፤ የሚቀረው እንግዳው።

ርዳታ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ከዚህ አንድ ነገር ይማራል። በእሳት ጊዜ መጠለያዎችን የሚያጨናንቃቸው አንዳንዴ የእንስሳት ብዛት ብቻ ሳይሆን ሳይጠየቅ የሚመጣ የብርድ ልብስና የምግብ ክምር ጭምር ነው። ከዚያ ይልቅ ገንዘብ፣ ወይም አንዱን እንስሳ ለጥቂት ሳምንት ቤት ወስዶ ማኖር ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ እሳት በሚያሰጋው ሰፈር ለምትኖሩ ወገኖች ታሪኩ ቁም ነገር አለው። እናንተ ሥራ ላይ ሳላችሁ እሳት ቢነሳ በራችሁን ከፍቶ ውሻውን የሚያወጣ ጎረቤት ማን ነው? ድመቷ የምትጫንበት ሳጥን በር አጠገብ ነው ወይስ ጋራዥ ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ሥር? ከእንስሳው ቆዳ ሥር የምትገባው፣ የሩዝ ፍሬ የምታክለው ማይክሮቺፕ የተመዘገበችበት ስልክ ዛሬም ይሠራል? መንግሥት ዕቅድ እንዲያወጣ ሕግ ያስገድደዋል። ፓራዳይዝ ላይ እንደታየው ግን እሳቱ ከዕቅዱ ቀድሞ ሊደርስ ይችላልና የጎረቤታችሁን ስልክ ከአሁኑ ያዙ።