ሩቅ ሜዳ፣ ቅርብ ክለብ፦ የስፖርት ዜና ተአማኒነት በነቀምት

ነቀምት ላይ ተቀምጦ ስለ ማንቸስተር የሚወራውን ማጣራት፣ ስለ ነቀምት ከተማ ክለብ የሚወራውን ከማጣራት ይቀላል። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። የእንግሊዙን ጨዋታ በየዲኤስቲቪ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ያየ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ውጤት ያዛባ ጸሐፊ በማግስቱ መሳቂያ ነው። ሱፐርስፖርት በ2013 ዓ.ም. ይዞት የመጣው ካሜራ ግን ለኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ነበር። የነቀምት ከተማ ክለብ የሚወዳደርበት ከፍተኛ ሊግ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስቦ ሲካሄድ፣ የነቀምት ደጋፊ የገዛ ቡድኑን የሚያየው በሌላ ሰው ዓይን ይሆናል፤ ያ ሰው ተሳሳተ ብሎ የሚመሰክር ጎረቤት የለውም።

በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የሴካፋን ዋንጫ ዚምባብዌን በመለያ ምት ረትታ ስትወስድ፣ የራዲዮ ስፖርት ጋዜጠኛው ደምሴ ዳምጤም ለብዙኃኑ የሰው ዓይን ነበር። ልዩነቱ ድምፁ የታወቀ፣ ከጀርባው የሚሰማው የስታዲየም ጩኸትም ምስክሩ መሆኑ ነው።

መደበኛ ተቋም መሆን ብቻውን ዋስትና አይሰጥም። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ማራቶን ሁለተኛ ሲወጣ እጆቹን ለተቃውሞ አጣምሮ መግባቱን ዓለም ተቀባበለው፤ የመንግሥት ቴሌቪዥን ግን ምስሉን ደግሞ አላሳየም። የተነገረው የብር ሜዳሊያ እውነት ነበር፣ ዜናው ግን ጎደሎ።

የዜናው መንገድ ራሱም ሊዘጋ ይችላል፤ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በወለጋ ኢንተርኔት፣ በአንዳንድ ዞኖችም ስልክ ጭምር፣ ተቋርጦ ነበር። የሳተላይት ቴሌቪዥን ኢንተርኔት አይጠይቅምና፣ እንዲህ ያለው መቋረጥ ይበልጥ የሚጎዳው በስልክ ብቻ የሚደርሰውን የቅርቡን ክለብ ወሬ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የዝውውር ዜና ነው። ጎል አስቆጣሪና ደቂቃ የጠቀሰ ዘገባ ቢያንስ ሊፈተን ይችላል። «ለመፈረም ከጫፍ ደርሷል» የሚለው ሐረግ ግን መቼም አይሸነፍም፤ ተጫዋቹ ከፈረመ ጸሐፊው ቀድሞ ያወቀ ነው፣ ካልፈረመም ከጫፍ ተመልሷል ማለት ነው። «የቅርብ ምንጮች» የሚባሉትም ስማቸው አይጠራ፣ ሲሳሳቱም አይጠየቁ። እኔ ደጋፊ ብሆን ከስፖርት ዘገባ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ጨዋታውን ያየው ማን እንደሆነና ያለፈው ሳምንት ስህተት የት እንደታረመ።