«የቁጣ ቡጢ» ከ22 ዓመት በኋላ

አንድ ሕዝብ ስለ ደረሰበት ውርደት የሚተርከው ታሪክ በየዘመኑ አንድ ዓይነት ሆኖ አይቀርም። ዘመን ሲለወጥ የጠላት መልክ፣ እውነት የሚፈለግበት መንገድና ለፍትሕ የሚከፈለው ዋጋ አብረው ይለወጣሉ። በሆንግ ኮንግ የተሠሩ ሁለት የኩንግ ፉ ፊልሞች ይህን በጉልህ ያስረዳሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1972 በሎ ዌይ አዘጋጅነትና በብሩስ ሊ መሪ ተዋናይነት የቀረበው «ፊስት ኦፍ ፊዩሪ» (የቁጣ ቡጢ) ነው። ሁለተኛው በ1994 ጎርደን ቻን ጄት ሊን ይዞ ያንኑ ታሪክ እንደ ገና የሠራበት «ፊስት ኦፍ ሌጀንድ» ነው።

የሁለቱም መነሻ በሕይወት የነበረ ሰው ነው። ስመ ጥሩው የኩንግ ፉ መምህር ሁዎ ዩዋንጂያ በ1910 በሻንግሃይ ከተመሠረተው የጂንግ ዉ ማኅበር ጋር ስሙ ተያይዞ የሚነሣ ሲሆን፣ የሞተውም በዚያው ዓመት ነው። ጃፓኖች መርዘው ገደሉት የሚል ወሬ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። መምህሩን የሚበቀለው ደቀ መዝሙር ቼን ጄን ግን የድርሰት ፍጡር እንጂ በታሪክ የሚታወቅ ሰው አይደለም።

በ1972ቱ ፊልም ቼን ጄን «ውሾችና ቻይናውያን መግባት ክልክል ነው» የሚለውን የመናፈሻ ሰሌዳ በእርግጫ ሰባብሮ ይጥላል። በ1868 በሁዋንግፑ ወንዝ ዳር የተከፈተው የሻንግሃይ መናፈሻ በ1917 በነበረው ደንብ፣ ቦታው ለውጭ አገር ሰዎች የተጠበቀ መሆኑን አንድ አንቀጽ፣ ውሻና ቢስክሌት እንዳይገባ ደግሞ ሌላ አንቀጽ ይደነግግ ነበር። ሁለቱን በአንድ መሥመር ያጣመረው የሕዝብ ትዝታ ነው። ይሁን እንጂ ክልከላው ተረት አልነበረም፤ ለቻይናውያን በሩ የተከፈተላቸው በ1928 ነበር። የፊልሙም ቁጣ ከዚህ እውነት የፈለቀ ነው። ከዚህም በላይ በ1972 ከነበሩት የሆንግ ኮንግ ተመልካቾች ብዙዎቹ ከ1941 እስከ 1945 የቆየውን የጃፓን ወረራ በዓይናቸው ያዩ ወይም ከወላጆቻቸው አፍ የሰሙ ነበሩ።

የሁለቱ ፊልሞች ዋና ልዩነት የሚገለጸው የመምህሩ አሟሟት በሚጣራበት መንገድ ነው። የብሩስ ሊ ቼን ጄን ገና ከመነሻው ይጠረጥራል፤ ሌሊት ከወጥ ቤት የሰማው ንግግር ጥርጣሬውን ሲያጸናለት ወንጀለኞቹን ገድሎ በመብራት ምሰሶ ላይ ይሰቅላቸዋል። ምርመራው፣ ፍርዱና ቅጣቱ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ይፈጸማል። የጄት ሊው ቼን ጄን ግን በጃፓን አገር፣ በኪዮቶ የተማረ ተማሪ ነው። መምህሩን አሸነፈ የተባለውን አኩታጋዋን ገጥሞ በቀላሉ ሲረታው፣ ይህን ያህል ችሎታ ያለው ሰው መምህሩን ሊያሸንፍ አይችልም ብሎ ይደመድማል። ከዚያም መቃብሩ ተከፍቶ አስከሬኑ በሐኪም ይመረመራል፤ መርዝም ይገኛል። ቁጣው ያው ቁጣ ቢሆንም፣ ክንዱን ከመሰንዘሩ በፊት ማስረጃ ይጠይቃል።

የጠላትም መልክ እንዲሁ ተለውጧል። በቀድሞው ፊልም ጃፓናዊ ሁሉ ማለት ይቻላል ትዕቢተኛ ወይም ሸረኛ ነው። በአዲሱ አኩታጋዋ ራሱ ድሉ የተጭበረበረ መሆኑን ሲረዳ የጦር አለቃውን ፉጂታን ፊት ለፊት ይከስሰዋል፤ በዚህም ምክንያት በፉጂታ እጅ ይሞታል። ቼን ጄንን የምትወደው ሚትሱኮ ጃፓናዊት ናት፤ በጭፍን ጥላቻ ከጂንግ ዉ ደጃፍ እንድትርቅ የሚያደርጓት ግን የቼን ጄን ወገኖች ናቸው። ስለዚህ ዳኝነቱ ከዘር ተላቆ በሥራ ላይ ያርፋል። በዚህ ረገድ አዲሱ ፊልም ከቀድሞው የላቀ መሆኑን መመስከር ተገቢ ነው።

በዋጋው ረገድ ግን ሚዛኑ ወደ ቀድሞው ያጋድላል። ብሩስ ሊ ትምህርት ቤቱን ለማዳን ሲል እጁን ይሰጣል፤ በመጨረሻም በተደገነበት ጠመንጃ ላይ ሲወረወር ምስሉ በአየር ላይ እንዳለ ይቆማል፤ የተኩስ ድምፅም ይሰማል። የበቀል መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ተመልካቹ ሳይሸነገል ያያል። የጄት ሊው ቼን ጄን ግን እንደ ሞተ ተነግሮለት በሕይወት ከከተማዪቱ ይወጣል። አዲሱ ፊልም ታሪኩን ወደ 1937 አሻግሮታል፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በሻንግሃይ በተከፈተው ጦርነት የከተማዪቱ የቻይናውያን ክፍል ከሦስት ወር በኋላ በጃፓን ጦር እጅ ወድቋል። ነዋሪው ሕዝብ እንደ ፊልሙ ጀግና የሚያመልጥበት ሠረገላ አልነበረውም።

እንግዲህ የ1994ቱ ፊልም ጠላትን መርምሮ ማወቅ እንደሚገባ አስተምሯል። የ1972ቱ ግን በግፍ የተነሣ ቁጣ ለባለቤቱም እንደማይራራ አሳይቷል። አንዱን አይቶ ሌላውን የተወ ሰው የዚህን ታሪክ ግማሽ ብቻ ይዞ ይቀራል።