ጉልቻና ጎማ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ «የጋዝ መስመር» የሚባል ነገር ቢፈለግ የሚገኘው አንድ ሜትር ተኩል የምትሆን ጎማ ናት። ከሲሊንደሩ አፍ ላይ ካለው ሬጉሌተር ተነሥታ ምድጃው ሥር ትገባለች፤ በቃ። ከመሬት በታች የተቀበረ ቧንቧ የለም፣ ቆጣሪ የለም፣ ቧንቧው ሲያረጅ መጥቶ የሚቀይር ድርጅትም የለም። ቢሆንም ይቺ ጎማ ታሪክ አላት፤ የሚጀምረውም ከምድጃው በጣም ርቆ ነው።

ከቃሉ ልነሣ። በኛ ቤት «ጋዝ አልቋል» ከተባለ ያለቀው ላምባ ነበር፤ ነጭ ጋዝ። በጠርሙስ የሚገዛ፣ ለኩራዝና ለፋኖስ፣ ኋላም ለላምባ ምድጃ የሚሆን። ቡታጋዝ የሚለው ስም ደግሞ ከፈረንሳይ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1931 እዚያ የተቋቋመ፣ ጋዝ በሲሊንደር የሚሸጥ ኩባንያ መጠሪያ ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርስ የኩባንያ ስምነቱ ቀረና ሲሊንደሩም ምድጃውም ቡታጋዝ ተባለ።

ከዚያ በፊት የነበረው ኩበትና እንጨት ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ብለው መናገሻቸው ሲያደርጓት፣ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ነበር የያዙት። ብርድ ያለበት አገር እሳት ይበላል። ቤተ መንግሥትና ገበያ ባለበት ደግሞ ጫካው በየዓመቱ እየራቀ ይሄዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በምኒልክ ዘመን፣ ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን ባይገባ ኖሮ የደጋው ከተሞች ምን ያነዱ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ኩበቱን ሁሉ ይጨርሱት ነበር። ኩበት ማለት እኮ ማሳ ላይ ሳይደርስ የተቃጠለ ማዳበሪያ ነው፤ የጎጃም ጤፍ ከምድጃው ጋር ሲሻማ የኖረው በዚህ ነው። ዛሬም አዊ ውስጥ፣ ፋግታ ለኮማ ላይ፣ ገበሬው ማሳውን በአውስትራሊያ ግራር ሸፍኖ ከሰል ያከስላል። እንጨቱን በጀርባ ተሸክሞ ወደ ከተማ የማምጣቱ ሥራ ግን ትናንትም ዛሬም በአብዛኛው የሴት ነው።

ሲሊንደሩን ያመጣልን አሰብ ነው ማለት ይቻላል። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ሲጀምር ከቤንዚንና ከናፍጣ ጋር የምግብ ማብሰያ ጋዝም ያወጣ ነበር። ማጣሪያው በ1997 ተዘጋ፤ በማግሥቱ ዓመት ጦርነቱ መጣና ወደቡም ለኛ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ነዳጁ ተጣርቶ ያለቀለት፣ በጅቡቲ የሚገባ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሆነ። ማርቆስ ለመድረስ ደግሞ አዲስ አበባን አልፎ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል፤ መሐል ላይ ዓባይ አለ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሽቅብ። በጃፓን እርዳታ የተሠራው ሁለተኛው ድልድይ በ2008 እስኪከፈት ድረስ ከባዱ መኪና ሁሉ በአሮጌው ነበር የሚሻገረው። ሌላው ዓለም በቧንቧ የሚያሳልፈውን እኛ በገደል አፋፍ፣ በመጀመሪያ ማርሽ አሳለፍነው። የኛ የጋዝ መስመር ያ መንገድ ነበር፤ ጎማዋ የመስመሩ ጅራት ናት።

ቧንቧ ያለው አገር እንዴት ይቀይራል? ብሪታንያን እንይ። ለንደን ከ1812 ጀምሮ ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ጋዝ ስትበራና ስታበስል ኖራ፣ ከሰሜን ባሕር የተፈጥሮ ጋዝ ሲገኝ አገሩ ሁሉ ምድጃውን መቀየር ግድ ሆነበት። አዲሱ ጋዝ ሙቀቱ ከአሮጌው እጥፍ ስለሆነ በድሮው ምድጃ አፍንጫ በደንብ አይነድም። ከ1967 እስከ 1977 ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ 40 ሚሊዮን ያህል የጋዝ ዕቃ አስተካከሉ። በ2002 ደግሞ ለቤት ቅርብ የሆኑትን አሮጌ የብረት ቧንቧዎች በፕላስቲክ የመቀየር የ30 ዓመት ሥራ ጀመሩ። መንግሥት ያወቀው፣ በጀት የተያዘለት፣ የሠለጠነ ሰው የቆመበት ለውጥ ነው።

በኛ አገር ለውጡን የምታካሂደው የቤቱ እመቤት ናት፣ ብቻዋን። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት ጉልቻ ሥር ተንበርክኮ እፍ ያለ ሰው የተረተው አይመስለኝም። ወጡ ባይጣፍጥም ዓይን ያርፋል፣ ሳል ይቀንሳል። ደግሞ ጉልቻው ተለዋወጠ እንጂ አልተተካም። እንጀራ በቡታጋዝ አይሆንም፤ ሰፊው ምጣድ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሞቅ ይፈልጋል። ስለዚህ እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ መብራት ሲጠፋ በእንጨት፣ ቢቻል እስከ ግማሽ እንጨት በሚቆጥበው ምርጥ ምድጃ፤ ቡናው በከሰል፤ ወጡ በቡታጋዝ። አንድ ማድ ቤት ውስጥ የመቶ ዓመት ታሪክ ጎን ለጎን ይነዳል።

ጎማዋም የምትቀየረው እንደዚሁ ነው። ሰፈራችን ያለች አንዲት እናት ቤት ጋዝ ጋዝ ሲሸት ምድጃ የሚጠግን ልጅ ተጠራ፤ እኔም ነበርኩ። ልጁ መጀመሪያ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ፣ ከዚያ ሲሊንደሩን ዘጋ፣ ከዚያ ጎማዋን በእጁ አጠፍ አድርጎ አያት።

«እማማ፣ ይቺን ከየት አመጧት?»

«ከገበያ ነዋ ልጄ። ጎማ ጎማ ነው አሉኝ።»

«ይቺ እኮ የውኃ ናት። ጋዝ ያደርቃታል፣ ትሰነጠቃለች።»

የጋዙን ጎማ ቆርጦ አስገባ፣ ሁለቱንም ጫፍ በፋሸታ አጠበቀ፣ ሲሊንደሩን ከፍቶ መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ቀባ። አረፋው ካላበጠ አያፈስም። ክብሪት ለኩሶ መፈለግ ያለ ነገር ነው፤ ሰው የሚያስጨርሰውም እሱ ነው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ጣሪያ አይወጣም፣ ወለሉ ላይ ተኝቶ እሳት ይጠብቃል። ፈረንሳዮች ጎማው ላይ የሚቀየርበትን ዓመት አትመው ይሸጣሉ። እማማ ግን የጎማዋን ዕድሜ የሚያውቁት በልጅ ልጃቸው ክርስትና ነበር።

አሁን ደግሞ ካሉብ አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ኦጋዴን ላይ ያገኘው ጋዝ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ። ይህ ጋዝ አንድ ቀን ዓባይን ተሻግሮ ማድ ቤታችን ቢደርስ ምድጃዎቻችን እንዳሉ አይቀበሉትም፤ እንደ ብሪታንያ ሁሉ አፍንጫቸው መቀየር አለበት። ከአየር ስለሚቀልም ሲያፈስ ወለል ላይ አይተኛም፤ ወደ ላይ ይወጣል። ለዚያ ሥራ ማርቆስ ውስጥ የማውቃቸው ሁለት ልጆች ናቸው። አንደኛው ሬዲዮም ይጠግናል።