«ዘ ዋይልድ ፓርቲ»፦ ክላራ ቦው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረችበት ፊልም

«ዘ ዋይልድ ፓርቲ» በፓራማውንት ኩባንያ ተሠርቶ እአአ በሚያዝያ 1929 ለዕይታ የበቃ አሜሪካዊ የፍቅር ድራማ ነው። ዳይሬክተሯ ዶሮቲ አርዝነር ናት። የድምፅ አልባው ዘመን ታላቅ ኮከብ ክላራ ቦው በፊልም ላይ ስትናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማችው በዚህ ሥራ ነው።

ታሪኩ የሚካሄደው በአንድ ምናባዊ የሴቶች ኮሌጅ ውስጥ ነው። ስቴላ (ክላራ ቦው) ከትምህርት ይልቅ ጭፈራን የምታስቀድም ተማሪ ናት። የአንትሮፖሎጂ መምህሩ ጊልሞር (ፍሬድሪክ ማርች) በተማሪዎቹ ቸልተኝነት ቢበሳጭም ከስቴላ ጋር በፍቅር ይወድቃል። ለነጻ የትምህርት ዕድል የምትወዳደረው ጓደኛዋ ሄለን ለወዳጇ የጻፈችው ደብዳቤ በሌሎች እጅ ሲገባ፣ ስቴላ «የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብላ ነቀፌታውን ትሸከማለች፤ ኮሌጁንም ለቃ ትወጣለች። እውነቱን የተረዳው መምህርም ሥራውን ትቶ ይከተላታል።

በወቅቱ ድምፅ ያለው ፊልም መሥራት ለተዋንያን ፈተና ነበር። ማይክሮፎኖቹ በአንድ ቦታ የተተከሉ በመሆናቸው ተናጋሪው ከአጠገባቸው መራቅ አይችልም ነበር። በፈጣን እንቅስቃሴዋ የምትታወቀው ክላራ ቦው ደግሞ ማይክሮፎኑን አጥብቃ ትፈራው ነበር። አርዝነር ማይክሮፎኑ በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ተዋናይዋን ከላይ እንዲከተላት አድርጋለች። በዚህም ምክንያት ዛሬ በየቀረጻው ለሚታየው የማይክሮፎን ዘንግ ከቀዳሚዎቹ ፈጣሪዎች አንዷ ተደርጋ ትጠቀሳለች። የድምፅ መሣሪያ ላልገባላቸው ሲኒማ ቤቶችም ድምፅ አልባ ቅጂ ተዘጋጅቶ ነበር።

የመምህርና የተማሪ ፍቅር በዛሬው ተመልካች ዘንድ ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም። ፊልሙን ሕያው ያደረገው ግን ሌላው ጉዳይ ነው፦ አንዲት ደብዳቤ የሴት ተማሪን ስምና ትምህርት በምታጠፋበት ዘመን፣ አንዷ ለሌላዋ ስትል ክብሯን አሳልፋ መስጠቷ።

ክላራ ቦው እአአ በ1933 ከፊልም ሥራ ተሰናበተች። አርዝነር የአሜሪካ ዳይሬክተሮች ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ለመሆን በቃች፤ በኋላም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ፊልም አስተምራለች። ከተማሪዎቿ አንዱ «ዘ ጎድፋዘር»ን የሠራው ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ነበር።