ካዛንችስ እና አዚናራ

የዛሬው ጽሑፌ ከአንዲት ሩቅ ደሴት ተነሥቶ ሰፈሬ ላይ ያበቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጉባኤ ጣሊያን አገር ሄጄ ሳለ አንድ ቀን ቢተርፈኝ ከሰርዲኒያ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከፖርቶ ቶሬስ ወደብ፣ በጀልባ ወደ አዚናራ ተሻገርሁ። አዚናራ 52 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ደሴት ናት። ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነች ጎብኚዎች ነጫጭ አህዮቿን ፎቶግራፍ ያነሣሉ። ከመቶ ዓመት በላይ ግን አገልግሎቷ ሌላ ነበር፤ የወረርሽኝ ማቆያ፣ የምርኮኞች ሰፈር፣ በኋላም የማፊያ አለቆች ወኅኒ።

አስጎብኚያችን ይህን ሁሉ በዝርዝር ተረከልን። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኮሌራ ያለቁት በሺዎች የሚቆጠሩ የኦስትሪያና ሀንጋሪ ምርኮኞች አፅም ወደ ተሰበሰበበት ሕንፃም ወሰደን። ሕንፃው የተሠራው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። ዓመተ ምሕረቱን ስሰማ ደነገጥሁ። ጣሊያን የትናንት ጠላቶቿን አፅም በክብር ባሳረፈች ማግስት የእኛን ሰዎች በቁማቸው ወደዚህችው ደሴት አጋዘቻቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ለሦስት ቀናት ታረደች፤ ቤቶች ከነነዋሪዎቻቸው ተቃጠሉ። ከሞት የተረፉት በርካቶች ሶማሊያ ውስጥ ወዳለው ዳናኔ እና በቀይ ባሕር ወደምትገኘው የኖኩራ ደሴት ተጋዙ። በመቶዎች የሚቆጠሩ መኳንንት፣ ወይዛዝርትና ሕፃናት ደግሞ ወደ ጣሊያን ተወሰዱ፤ ብዙዎቹ አዚናራ ገቡ። ባለቤታቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ በዚያው የካቲት የተገደሉባቸው ልዕልት ሮማነወርቅ ኃይለ ሥላሴ ከልጆቻቸው ጋር በዚያ ታስረዋል። አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም፤ በጥቅምት 1933 ዓ.ም. በቱሪን ከተማ አረፉ።

ሌላይቱ ደሴት ፖንዛ ናት። ራስ እምሩና በኋላ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ ታስረውባታል። ታሪክ ፈራጅ ነውና፣ በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ወርዶ ለአሥር ቀን ያህል በዚያችው ደሴት እስረኛ ሆነ።

ወደ አዚናራ ልመለስ። አስጎብኚውን «ኢትዮጵያውያኑስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አዎ፣ ልዕልቲቱ እዚህ ነበሩ» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ዘጋው። ልቆጣ ስል እሱ ቀደመኝ፤ «እናንተስ በከተማችሁ እንዴት ታስቧቸዋላችሁ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እኔ ያደግሁት ካዛንችስ ነው። ስሙ የመጣው «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው የጣሊያንኛ መጠሪያ ነው። ኢንቺስ የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ሠሪ ተቋም ምኅፃረ ቃል ሲሆን፣ ሰፈሩም በወረራው ዘመን ለቅኝ ገዥው ሹማምንት የተሠራ ነው። ባለአገሩ ወደ ደሴት ሲጋዝ ለወራሪው ቤት ይታነጽለት ነበር ማለት ነው። ከወራሪው መባረር በኋላም የታክሲ ረዳቱ ሳይቀር የዚያን ተቋም ስም ቀን ከሌት ሲጠራ ኖሯል። አዚናራን ግን ማን ይጠራታል? በስድስት ኪሎ ለተጨፈጨፉት ሐውልት ቆሟል፤ ይገባቸዋልም። የተጋዙትን ግን ተማሪዎቼን ስጠይቃቸው የሚያውቅ እምብዛም አላገኝም።

ስሙ ይለወጥ የሚል ሐሳብ የለኝም። ካዛንችስን የራሳችን ያደረግነው ኖረንበት ነው፤ ስሙም የወረራው ምስክር ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሳቢያ ነባሩ ካዛንችስ በብዛት ፈርሷል፤ ጎረቤቶቼም በከተማዪቱ ዳር ተበትነዋል። ይህን ከግዞት ጋር አላመሳስለውም። ነገር ግን ቤቱም፣ የቤቱን ታሪክ የሚያወጋው ሽማግሌም ከቦታው ሲለቁ ስሙ ትርጉም የሌለው ድምፅ ሆኖ ይቀራል። ትርጉሙ የጠፋ ስም ደግሞ ምስክርነት አይሰጥም።

ስለዚህ በአዲሱ ካዛንችስ ከሚሠሩት አደባባዮች ወይም መናፈሻዎች አንዱ ላይ አንዲት የድንጋይ ሰሌዳ ትቁም፤ «ይህ ሰፈር ሲሠራ በአዚናራ የነበሩት» ብላ ስማቸውን ትዘርዝር። እናንተም ከአያቶቻችሁ የቀረ የግዞት ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ በሣጥን ውስጥ ካለ አውጡት፣ ለልጆቻችሁም አሳዩ። ያ አስጎብኚ ዳግመኛ ቢጠይቀን የምንመልሰው ይኑረን።

ቸር እንሰንብት።